በእህቴ ልክ

ዛሬ ጠዋት ከአንዲት ደንበኛ ጋር ተጣላሁ። ጥፋቱ የሷ ነው፤ እኔ ማንንም ዝም ብዬ አልጣላም። ጨርቋን በፌስታል ጠቅልላ መጣችና፣ "መለካት አያስፈልግም፤ የእህቴን ቀሚስ አምጥቻለሁ፣ በሱ ልክ ቁረጪልኝ። እኔና እሷ አንድ ነን" አለችኝ።

ቀና ብዬ አየኋት። ትከሻዋ ሰፊ ነው፤ ወገቧ ረዘም ይላል። ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፤ የለባሿ ትከሻ ጠባብ፣ ደረቷ ሞላ ያለ። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር የአንድ እናት ልጅ መሆናቸው ብቻ ነው።

"የኔ እመቤት፣ እዚህ ቤት በሰው ልክ ጨርቅ አይቆረጥም" አልኳት።

"ምን ቸገረሽ? የምለብሰው እኔ!"

"እሱማ የምትለብሺው አንቺ ነሽ። ሲጠብሽ ግን ጮኸሽ የምትመጪው እኔ ላይ ነው። ነይ ቁሚ፣ ሁለት ደቂቃ ነው።"

ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ስጠጋት ጨርቋን ከጠረጴዛው ላይ መንጭቃ እያጉረመረመች ወጣች። ትሂድ! አጠገቤ የምትሠራዋ ጓደኛዬ ስፌቷን አቁማ በሳቅ ፈረሰች። መቀስ ነው የምንላት፤ ምላሷ አንጀት ስለሚቆርጥ።

"ዛሬ ደግሞ ማን ነክቶሽ ነው?" አለችኝ።

"ማንም አልነካኝም።"

"አይ፣ እሱ ነዋ ችግሩ!" አለችና እንደገና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። የሐኪም ቀጠሮዬ ከምሳ በኋላ ነበርና ጠዋቱን ሙሉ ሰዓት ሳይ ነው ያረፈድኩት።

ልጅ እፈልጋለሁ። ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር በአፌ ሙሉ መናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል። ሰው ሲጠይቀኝ "ሲሰጠን" እያልኩ፣ ሲበዛብኝ ደግሞ "አንቺ የወለድሻቸውን መጀመሪያ አሳድጊ" እያልኩ ነው የኖርኩት። አሁን አርባ ዓመቴ ነው። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ባሌ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው የሚነዳው፤ እኔ ሾፌሩ እለዋለሁ፣ እሱ ደግሞ መርፌ ይለኛል። "ቀጭን ነሽ፣ ትዋጊያለሽ፣ ከጠፋሽ ደግሞ ቤት ይገለበጣል" ይላል። ሲፈልግ አፍ አለው።

ሁለት ዓመት ጠብቀን ምንም ሲጠፋ፣ ታላቅ እህቴ ጋ ሄድኩ። እትዬ ናት ያሳደገችኝ፤ እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጥርሴን አልነቀልኩም ነበር። ፀጉሬን የሠራችኝ እሷ፣ ወር አበባዬ ሲመጣ ጨርቅ አጣጥፋ የሰጠችኝ እሷ፣ በሰርጌ ያለቀሰችልኝ እሷ። አራት ልጆች ወልዳለች። የእሷ ወር አበባ በሃያ ስምንት ቀኑ ከች ይላል፤ አንድ ቀን አያዛንፍም። አራቱንም ልጆች በየትኛው ቀን እንዳረገዘች ቁጭ አድርጋ ትነግራችኋለች።

"ቀላል ነው" አለችኝ። "ከመጣብሽ ቀን ጀምረሽ ቁጠሪ። አሥራ አራተኛው ቀን፣ ቀኑ እሱ ነው። ከዚያ በፊት አታባክኑ፣ ይጠራቀም። ከዚያ በኋላ ደግሞ እስኪታወቅ ድረስ እንዳይነካሽ፤ የያዘ እንደሆነ ይረበሻል።"

"እትዬ፣ የኔ እኮ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው። አንዴ በሠላሳ አንድ ቀን፣ አንዴ በአርባ አራት፣ ባለፈው ደግሞ ሃምሳ ቀን ቆየ።"

"ሐሳብ ስለምታበዢ ነው። ልጅነትሽም እንደዚሁ ነበርሽ። ቀኑ ግን ያው ነው፤ የሴት ሁሉ ያው ነው።"

አመንኳት። እሷን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ቀን የሚባል ነገር ገባ። የልኬት ደብተሬን ከኋላው ገልብጬ ወር አበባዬ የመጣበትን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ሾፌሩ ቤት ያደረባቸውን ቀኖችም ከጎኑ እጽፋለሁ። አሥራ አራተኛውን ደግሞ በጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔዬ የቁም ሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ጽፌ አከብበዋለሁ፤ ሸሚዝ ሊያወጣ ሲከፍተው እንዲያየው። ወር አበባዬ ሲመጣ እደውልለታለሁ። "መጣ" ነው የምለው፤ ሌላ ቃል የለም። እሱም "እሺ፣ ከዛሬ አንድ ብዬ እቆጥራለሁ" ይለኛል።

እዚያ ቀን ላይ ቤት ለመገኘት ያልሆነው ነገር የለም። የእረፍት ቀኑን ለጓደኞቹ እየሰጠ፣ ማንም የማይፈልገውን መስመር እየወሰደ፣ ተራ ይቀያየራል። የስምሪት ኃላፊውን "አክስቴ ታማብኝ ነው" ይለዋል። አንድ ቀን ሰውየው መነጽሩን አውልቆ፣ "እኔ የምልህ፣ እኚህ አክስትህ የሚታመሙት ቀን ቆጥረው ነው?" ብሎት እቤት መጥቶ ሲነግረኝ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። ያኔ ገና እንስቅ ነበር።

ሃምሳ ሁለት ቀን የቆየ ጊዜማ አልሳቅንም። በአርባኛው ቀን ሾፌሩ የውሃ ጀሪካን ከእጄ ቀማኝ። በአርባ አምስተኛው "ደረጃ ስትወርጂ ቀስ በይ" ማለት ጀመረ። በሃምሳኛው ማታ ማታ ሆዴ ላይ ጆሮውን ይለጥፍ ነበር፤ "ምን ይሰማሃል?" ስለው "እራትሽን" ይለኛል፣ ግን ጆሮውን አያነሳም። በሃምሳ ሁለተኛው ቀን ማሽን ላይ እንዳለሁ ተሰማኝ። መጸዳጃ ቤት ሄጄ አየሁትና እዚያው ቆሜ ደወልኩለት። እንደተለመደው ዳር ይዞ ነው ስልኩን ያነሳው። "መጣ" አልኩት። በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ለተሳፋሪው "ጎማ ልይ" ብሎ ወርዶ፣ አውቶቡሱን ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ስድስቱንም ጎማ አንድ በአንድ ረግጦ፣ ፊቱን ታጥቦ ነው መሪውን የጨበጠው። አንጀቴን በላኝ።

አንድ ጊዜ ክሊኒክ ሄደናል፤ አልሄዱም እንዳትሉኝ። የእሱ ምርመራ ደህና ነው ተባለ። የኔ ተራ ሲደርስ እትዬ አብራኝ ገብታ ነበር። ሐኪሙ ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሳ "ወር አበባሽ ጊዜውን ይጠብቃል?" ሲለኝ አፌን ከመክፈቴ እትዬ፣ "አዎ አዎ፣ እንደኔው ናት፣ ምንም የለባትም" አለችው። እኔም እዚያ ሰው ፊት እህቴን ማሳፈር አልፈለግኩም። "ታዲያ ትንሽ ታገሱ" ተባልን። ታገስን። በዚህ ምላሴ ስንቱን የምለበልብ ሴትዮ፣ እዚያ ዝም ብዬ ወጣሁ።

አሁን ወር አበባዬ ከቀረ አምስት ወር ሆነው። ሁለት ጊዜ በሽንት አይተን የለም ሲል፣ ሾፌሩ ነው "በቃ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ ይሄን ነገር ይቁጠሩልን" ያለኝ። ባለፈው ሳምንት ደም ሰጠሁ፣ ማህፀኔም በአልትራሳውንድ ታየ። ዛሬ መልሱ ነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የእትዬን የመጀመሪያ ልጅ ብታክል ነው። ወንበሯን ከጠረጴዛው ኋላ አውጥታ አጠገቤ ስትቀመጥ ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ለደህና ነገር ማንም ወንበር አይጎትትም።

"እንቁላል የሚያመርተው ክፍልዎ ሥራውን ሊያቆም ደርሷል" አለችኝ። "ከዕድሜዎ ቀድሞ ነው የደከመው። የቀረው በጣም፣ በጣም ትንሽ ነው። ጨርሶ አይሆንም ብዬ በሩን አልዘጋም፤ ግን ተስፋ ሰጥቼ ልሸኝዎትም አልችልም።"

ተቆጣሁ። እኔ ሳዝን መጀመሪያ የሚቀድመኝ ቁጣ ነው። "እንዴት ሆኖ? እኔ እኮ አንድም ቀን አላሳለፍኩም! ይኸው!" ብዬ ደብተሬን ጠረጴዛዋ ላይ ወረወርኩት። "ሰባት ዓመት ሙሉ አሥራ አራተኛውን ቀን ጠብቀን ነው! ባሌ ካገር ጫፍ እየነዳ ነው የሚመጣው!"

ደብተሩን ከፈተችው። ገለጠች፣ ገለጠች፣ ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"አሥራ አራትን ማን ነው የነገረዎት?"

"እህቴ።"

"የእህትዎ ወር አበባ በስንት ቀን ይመጣል?"

"በሃያ ስምንት።"

ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ። እንቁላል የምትወጣው የሚቀጥለው ወር አበባ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው አለች። ለእህትዎ ከፊትም ቢቆጠር ከኋላም ቢቆጠር አሥራ አራት ነው፤ በአርባ አራትም በሃምሳም ለሚመጣባት ሴት ግን አሥራ አራተኛው ቀን ላይ ምንም የለም። በሠላሳኛው ሊሆን ይችላል፣ በሠላሳ ስምንተኛው ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ላይወጣ ይችላል። ቀድሞ ማወቅ ስለሚያስቸግር፣ እንዲህ ላለች ሴት ቀን ከመቁጠር ይልቅ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ አብሮ መተኛት ነበር የሚሻለው አለች።

"ዝም ብሎ?" አልኳት።

"ዝም ብሎ። እንደ ባልና ሚስት።"

"ከቀኑ በኋላስ? የያዘ እንደሆነ አይረበሽም?"

"አይረበሽም" አለች፤ ዓይኗን ከዓይኔ ላይ አነሳች።

ቀይ እስክሪብቶዋን ከእጇ ወሰድኩ። "ይተዉት ይቅር፣ አሁን ምን ያደርግልዎታል" አለችኝ፤ አልሰማኋትም። ሥራዬ ልክ ማውጣት ነው። ከእያንዳንዱ ወር አበባ ወደ ኋላ አሥራ አራት እየቆጠርኩ ቀይ ነጥብ አደረግኩ። ከዚያ ሾፌሩ ቤት የነበረበትን አየሁ። ስንቱ ነጥብ ላይ ቤት ነበር!

አንደኛው አውቶቡሱ የተበላሸበት ሳምንት ነው። ሦስት ቀን ሳያስበው እረፍት አግኝቶ ወጥ ቤት የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ሠራልኝ። ዕቃ ሳጥብ ከኋላዬ መጥቶ በሁለት እጁ ወገቤን ያዘኝ፣ አገጩን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። እኔ ምን አደረግኩ? በእርጥብ ጭልፋ እጁን መታሁት። "ተው እንጂ! የያዘ እንደሆነስ?" አልኩት። ያ ቀን ሠላሳኛው ነበር፤ ወር አበባዬ የመጣው በአርባ አራተኛው። ሾፌሩ ሦስቱንም ቀን ሳሎን ሶፋ ላይ ነው ያደረው።

ሌላው ዝናብ የጣለ ዕለት ነው። በስብሶ ገባ። ቀኑን ሙሉ ፔዳል ስረግጥ ስለምውል እግሬ እንደሚያብጥ ያውቃል፤ ለስለስ ያለ የቤት ጫማ ይዞልኝ መጥቷል። በርከክ ብሎ ራሱ አጠለቀልኝ፣ እጁንም ቁርጭምጭሚቴ ላይ ትንሽ አቆየው። ከዚያ እኔ ሳልናገር እጁን ራሱ አነሳና፣ "ቀኑ ነው እንዴ?" አለኝ። "አይደለም" አልኩት። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ ሳይጠይቅ ነክቶኝ አያውቅም። ነጥቡ ግን እዚያው ላይ ነው፤ ቁልጭ ብሎ፣ ቀይ ሆኖ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ቀስ ብላ ከጣቴ አወጣችው። "በነዚያ ቀናት ቢሆንም እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ላይሆንም ይችል ነበር" አለችኝ። መልካም ልጅ ናት፣ እናቷን ይባርክ። ላይሆን ይችል ነበር። ይቺን ይዤ ወጣሁ፤ በሩ ጋ ስደርስ ግን ምንም አልጠቀመችኝም።

መንገድ ላይ እትዬ ደወለች። "ምን አሉሽ እናቴ?" አለችኝ። ልጮህባት ነበር። እግዜር ያውቃል፣ አንቺ ነሽ፣ በራስሽ ልክ ቆርጠሽ አለበስሽኝ ልላት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ከዚያ እስትንፋሷን ሰማሁት፤ ደረጃ ወጥታ ነው የደወለችው፣ ያለከልካታል፣ አርጅታብኛለች። ደግሞስ ጠዋት ያቺን ሴት ስሰብካት የነበርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ሜትሩ ሰባት ዓመት ሙሉ አንገቴ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

"ደህና ነው አሉኝ" አልኳት።

"እሰይ! በቃ ቀኑን ብቻ አታሳልፊ።"

"እሺ እትዬ" አልኳት። ስልኩን ዘግቼ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንዲት አላፊ "አይዞሽ እህቴ" አለችኝ፤ እህቴ ስትለኝ ባሰብኝ።

ቤት ስገባ ገና ፀሐይ ነበር። አልጋው ላይ ጋደም እንዳልኩ ሾፌሩ መጣ፤ ዛሬ ቶሎ የሚደርስበት መስመር ነው። ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመ፤ ወለሉን ያጸዳሁት ሲመስለው እንዲህ ነው የሚገባው። አልቀረበኝም። እኔ ነኝ በር ላይ መቆም ያስተማርኩት።

"ምን አለችሽ?"

ልነግረው ነበር። እዚህ ድረስ በልቤ እያጠናሁት ነው የመጣሁት። ግን ያንን ሰፊ ሰው፣ ስንት ሰው አሳፍሮ ገደል ለገደል የሚነዳውን ሰው፣ ጫማውን ይዞ በገዛ ቤቱ በር ላይ ፈቃድ ሲጠብቅ አየሁት። ደብተሩ ውስጥ ያሉት ነጥቦች በሙሉ ዓይኔ ላይ መጡ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንኳ፣ ሳልቆጥር እንዲይዘኝ ፈለግኩ። ስለ ልጁም አይደለም። እሱን ፈለግኩት።

"ቀኑን በደንብ ቆጠረችልኝ" አልኩት።

"እና?"

"ዛሬ ነው።"

ፊቱን ብታዩት! ጫማው ከእጁ ወደቀ። "ዛሬ? ዛሬ ዛሬ? ታዲያ ለምን አልደወልሽልኝም፣ አንቺ መርፌ! እነዳው ነበር እኮ!" እያለ ሸሚዙን ሲያወልቅ አንገቱ ላይ አነቀው፤ ሳቄ መጣ። ከቦርሳዬ ጠመኔዬን አውጥቶ፣ አምስት ወር ባዶ የቆየውን የቁም ሳጥን በር ከፍቶ፣ የዛሬን ቀን ጻፈና ከበበው። ክቡ ተጣሞበታል። ይሄን ክብ እኔ ነበርኩ ሁሌ የምሠራው።

ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ከተጋባን ሰሞን ወዲህ እንደዚያ አቅፌው አላውቅም። እንደ ሌላው ጊዜ ጣሪያ ጣሪያውን አላየሁም፣ ስለ ቁጥር አላሰብኩም። ጀርባው ከመቀመጫ ብዛት የቱ ጋ እንደሚያመው እንኳን ረስቼው ነበር፤ በእጄ ፈልጌ አገኘሁት። ሲያልቅ እነግረዋለሁ፣ ደረቱ ላይ ሆኜ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ሰው እቅፍ ውስጥ ሆኖ ሲሰማው ትንሽ ይቀልለው ይሆናል ብዬ ነው።

ሲያልቅ ግን ደረቱን አላገኘሁትም። ብድግ አለና ትራሱን አጣጥፎ ወገቤ ሥር አደረገልኝ፤ እግሬን ቀስ አድርጎ ግድግዳው ላይ ሰቀለልኝ። ድሮ እኔ እየጮህኩ የማዘውን ሁሉ አልረሳም፣ አንዲት ነገር አልረሳም። "ግማሽ ሰዓት እንዳትነሺ" አለኝ። ግንባሬን ስሞ ብርድ ልብሱን ከአልጋው ጫፍ ሰበሰበ።

"ወዴት ነው?" አልኩት።

"ሳሎን።"

"ና እዚህ። ና ትንሽ ጋደም በል አጠገቤ። የምነግርህ ነገር አለ።"

በሩን ገርበብ አድርጎ ፈገግ ብሎ አየኝ። ሰባት ዓመት ያላየሁት ፈገግታ ነው።

"ተይ እንጂ፣ መርፌ" አለኝ። "የያዘ እንደሆነስ?"